በውሸት የሚገኝ ዕረፍት

«የፓስተር ሚስት ስለ ወንጀል ፊልም ምን አገባት?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ፊልም አይዘወተርም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ እዚህ አቃቂ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ ሳለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣው ልጃችን «አባዬ፣ ዴንዘል ዋሽንግተን ሸሪፍ ሆኖ የሚተውንበትን ፊልም ልክፈትላችሁ?» አለ። ባለቤቴ ደግሞ የዴንዘልን ስም ሰምቶ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ቡናው እስኪጠጣ ብለን ተቀመጥን፤ እስከ መጨረሻው አየነው። ባለቤቴና ልጄ ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ያን ሌሊት እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነገር ነው።

ፊልሙና ሸሪፉ

ፊልሙ «ዘ ሊትል ቲንግስ» ይባላል፤ «ትንንሾቹ ነገሮች» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ጆን ሊ ሃንኮክ ነው፤ ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች የወደዱትን «ዘ ብላይንድ ሳይድ» የተባለውን የ2009 ፊልም የሠራው እርሱ ነው። ሦስቱ ዋና ተዋንያን ዴንዘል ዋሽንግተን፣ ራሚ ማሌክና ጃሬድ ሌቶ ሲሆኑ ሦስቱም የኦስካር ተሸላሚዎች ናቸው። ስለ ዴንዘል ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚወራ ነገር አለ። አባቱ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ለተመራቂ ተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ፣ ማታ ነጠላ ጫማችሁን ከአልጋችሁ ሥር ወደ ውስጥ ግፉት፣ ጠዋት ለመፈለግ ስትንበረከኩ በዚያው ጸልዩ ብሎ መክሯቸዋል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ የአገልጋይነት ፈቃድም ተሰጠው። እንግዲህ ባለቤቴ ፊልሙን በጉጉት ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በአሜሪካ ሸሪፍ ማለት የአውራጃው ሕዝብ መርጦ የሚሾመው ሕግ አስከባሪ ነው፤ በሥሩም ምክትሎች ይኖሩታል። ዴንዘል የሚተውነው ጆ ዲከን በካሊፎርኒያ ከርን በተባለ ገጠር በሚበዛበት አውራጃ ምክትል ሸሪፍ ነው። ስሙን ልብ በሉ፤ ዲከን በእንግሊዝኛ «ዲያቆን» ማለት ነው። ይህ ሰው ቀድሞ በትልቁ ከተማ በሎስ አንጀለስ ስመ ጥር መርማሪ ነበር። አንድ ቀን አለቆቹ ማስረጃ እንዲያመጣ ወደ ከተማዋ ይልኩታል። እዚያም ባክስተር ከተባለ ወጣት መርማሪ ጋር ይገናኛል። ባክስተር ሚስትና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ሴቶችን እያደነ የሚገድለውን ሰው ፍለጋ ላይ ነው። አሮጌው መርማሪና ወጣቱ አብረው ይሠራሉ፤ ስፓርማ የተባለ ግራ የሚያጋባ ሰውም ዋና ተጠርጣሪያቸው ይሆናል።

ፊልሙ እንዴት ነው? ብትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቅር ያሰኛል። ብዙ የፊልም ሐያስያንም እንዲሁ ነው ያሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው «ሰቨን» ከተባለው ፊልም ጋር እያነጻጸሩ «ይህን ከዚህ በፊት አይተነዋል» ብለዋል። አካሄዱ ዘገምተኛ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠብቃችሁ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሳታውቁ ያበቃል። ልጃችን «ታዲያ ማን ነው የገደላቸው?» እያለ ተበሳጨ። እኔን ያስከፋኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። እርሱን ለመናገር መጨረሻውን መግለጥ ስላለብኝ፣ ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሸሪፉ የደበቀው

ዲከን የታወከ ሰው ነው። የቀድሞ አለቃው እንደሚናገረው፣ በአንድ ምርመራ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ከሥራው ታግዷል፣ ትዳሩ ፈርሷል፣ ልቡም በቀዶ ሕክምና ተጠግኗል። ሌሊት በተከራየው ክፍል ውስጥ የሞቱ ሴቶች መጥተው ይታዩታል። ተመልካቹ «ገዳዩን ባለመያዙ ነው የሚጨነቀው» ብሎ ያስባል። በመጨረሻ ግን ምስጢሩ ይወጣል። ከዓመታት በፊት በጨለማ ገዳዩን ሲያሳድድ፣ ከገዳዩ እጅ በሕይወት ያመለጠችን አንዲት ወጣት በድንጋጤ ተኩሶ የገደላት ራሱ ዲከን ነበር። ባልደረባውና አስከሬን መርማሪዋ አዘኑለት። ወጣቷ በጥይት ሳይሆን እንደ ሌሎቹ በስለት እንደ ሞተች አድርገው ሸፈኑለት። ወዳጆቹ ያደረጉለት ለፍቅር ነበር፤ ሥራውን አተረፉለት፣ ከክስ አዳኑት። ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልኖረም።

ወጣቱ ባክስተርም ከዚያው ጉድጓድ ይገባል። ተጠርጣሪውን ተከትሎ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ይሄዳል። ስፓርማ ሲያሾፍበት ትዕግሥቱ አልቆ በአካፋ መትቶ ይገድለዋል። ማስረጃ የለም፣ ፍርድ የለም። (የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር የሚደነግገው፣ መርማሪም እንደ ማንኛችንም ሊናደድና ሊሳሳት የሚችል ሰው ስለ ሆነ ነው።) ዲከን ደርሶ ሬሳውን ሲያይ ምን አደረገ? ወጣቱን ወደ ሕግ አልወሰደውም። እንዲቀበር አደረገ፤ የሟቹንም ቤት አጸዳ።

ባክስተር ግን «ምናልባት ንጹሕ ሰው ገድዬ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ፈዞ ቤቱ ቁጭ አለ። ከቀናት በኋላ ፖስታ ደረሰው። በውስጡ ቀይ የፀጉር መያዣ አለ፤ የጠፋችው ልጅ ታደርገው የነበረ ዓይነት። «እንግዲያው ገዳዩ እርሱ ነበር» ብሎ ሰውየው ትንፋሹ ተመለሰ። በመጨረሻ ግን ዲከን የሟቹን ዕቃ ሲያቃጥል ገና ከሱቅ የተገዛ የፀጉር መያዣ ማሸጊያ አብሮ ወደ እሳቱ ይጥላል። ከማሸጊያው ውስጥ ቀይዋ ጎድላለች። ማስረጃው የተገዛ ነበር። ዕረፍቱም ውሸት ነበር።

ባለቤቴ ጀበናውን እያነሣ «ምስኪን፣ ቢያንስ ልጁን አሳረፈው» አለ። እኔ መልስ አልሰጠሁትም። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ ለአንዲት እኅት እንዲህ ያለ ቀይ የፀጉር መያዣ ሰጥቼ ነበር።

ዳዊትም ሸፍኖ ነበር

ወደ ራሴ ታሪክ ከመግባቴ በፊት ወደ ቃሉ ልመልሳችሁ። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ንጉሥ ዳዊት ኦርዮንን እንዴት እንዳስገደለው ታውቃላችሁ። በጦር ግንባር እንዲቆምና ሌሎቹ እንዲሸሹበት አዘዘ። ሬሳው ሲገኝ ማንም ሰው «ጠላት ገደለው» ይላል። ዲከንን የሸፈኑት ወዳጆቹ ያደረጉት ከዚህ ምን ይለያል? የወጣቷን ሞት በሌላ ገዳይ ላይ አላከኩት። የዳዊትን ደግሞ የአሞን ልጆች ሰይፍ ተሸከመለት። ኢዮአብ ምስጢሩን ያውቅ ነበር፤ ዝም አለ። በቤተ መንግሥቱ ሁሉም ነገር ሰላም መሰለ።

ዳዊት ግን በመዝሙር 32 ላይ ዝም ባለበት ዘመን አጥንቱ እንዳረጀ፣ ቀንና ሌሊት የእግዚአብሔር እጅ እንደ ከበደበት ራሱ ይመሰክራል። እግዚአብሔር ዳዊትን ሲወድደው ምን ላከለት? የሚያስተኛ ወሬ አልላከለትም። ነቢዩ ናታንን ላከለት። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል ለጊዜው ይገድላል፤ ግን ንጉሡን ያዳነው እርሱ ነው። ወዳጆቼ፣ በሕይወታችን ኢዮአብም ናታንም ይኖራሉ። ኢዮአብ ይሸፍንልናል፣ እኛም እናመሰግነዋለን። ናታን ያስለቅሰናል፤ መዝሙር 32ን የምንዘምረው ግን ናታን ከመጣ በኋላ ነው።

ሳያስበው ሰው ለገደለ ሰውም የእግዚአብሔር ሕግ መንገድ አዘጋጅቶለት ነበር። በዘኍልቍ 35 የስድስቱን መማፀኛ ከተሞች ሥርዓት ተመልከቱ። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ወደዚያ ይሸሻል፤ ይጠበቃል። ነገር ግን በማኅበሩ ፊት ቆሞ መፈረድ ነበረበት። ከለላ ተሰጠው እንጂ ጨለማ አልተሰጠውም። የእኛም አገር አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ያለው የጉማ ሥርዓት፣ የገዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ካሳ ከፍሎ ከሟች ቤተሰብ ጋር የሚታረቅበት ነው። በአገራችን ከቀደሙት ፊልሞች አንዱ የሆነው፣ በ1960ዎቹ የተሠራው «ጉማ»ም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። በአማራው አገር ደግሞ አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ ነበረ፤ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአንድነት ተጠርቶ ጥፋተኛው እስኪለይ ይመካከር ነበር። እነዚህ ሥርዓቶች የየራሳቸው ጉድለት ነበራቸው። አንድ ነገር ግን ገብቷቸዋል፤ ዕርቅ የሚመጣው ነገሩ ከወጣ በኋላ ነው።

እኔ የሰጠሁት የፀጉር መያዣ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን የምጽፈው በእኅቲቱ ፈቃድ ነው፤ ስሟን ግን አልጠራም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የአንዲት እኅታችን እናት በጠና ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እኅታችን በዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከመሄዷ በፊት ከእናቷ ጋር ክፉኛ ተጣልታ ነው የወጣችው፤ በአገባችው ሰው ምክንያት። እኔ እናትየውን እየተመላለስኩ እጠይቃቸው፣ እጸልይላቸው ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ስለ ልጅዎ ምን ልበላት?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምንም አላሉም። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

እኅታችን ለለቅሶ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ እጄን ይዛ «እናቴ ስለ እኔ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗን እያየሁ «መርቀውሻል፤ ይቅር ብየሻለሁ ብለው ነው የሞቱት» አልኳት። እንዴት አድርጋ እንዳለቀሰች፣ እንዴት አድርጋ እንዳመሰገነች ልነግራችሁ አልችልም። በዚያ ሌሊት በሰላም ተኛች። እኔም «ጌታ ሆይ፣ ይህ ውሸት ሳይሆን ማጽናናት ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ፣ ስለ ምክር አገልግሎት ተምሬ፣ ያንን አደረግሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ፊልሙን ባየንበት ሌሊት ከአልጋዬ ተነሥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መጥቶ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ሂጂና ንገሪያት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሰኞ ዕለት ከአቃቂ ታክሲ ይዤ እኅታችን ወደምትኖርበት ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። እስከ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጨርሼ ቀና ስል አላለቀሰችም። «አውቃለሁ» አለችኝ። «የዛሬ ዐሥር ዓመት አክስቴ ነገረችኝ። ያን ቀን ከአልጋው አጠገብ ነበረች። አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅሽ ነበር።»

ዐሥር ዓመት! በእነዚያ ዓመታት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን አመለክን፤ በቤቷ ኅብረት አስተማርኩ፤ ልጇ ስትታመም ጸለይኩላት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረች። «በጣም የጎዳኝ እናቴ አለመመረቋ አይደለም። እርሱን አልቅሼ እቀበለው ነበር። የጎዳኝ፣ አንቺ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል ስትዪኝ ይህንንስ የምትዪው እንዳልከፋ ይሆን እያልኩ መጠራጠሬ ነው። ያን ቀን አብረሽኝ ብታለቅሺ ይበቃኝ ነበር።»

እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይህ ቃል ዛሬም በጆሮዬ ይጮኻል። የእናትን ምርቃት በውሸት የሰጠ አፍ፣ የእግዚአብሔርን ይቅርታ በእውነት ሲያውጅ ማን ያምነዋል? ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ስል የዐሥር ዓመት እምነቷን ወሰድኩባት። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጊዜ ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። አሁን እየተቀራረብን ነው፤ ግን ገና ነው፤ «ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ሆነ» ብዬ ብጽፍላችሁ ሌላ የፀጉር መያዣ መስጠት ይሆንብኛል።

በትዳር ውስጥ

ባለትዳሮች፣ ይህ ጉዳይ ከእናንተ ቤት የራቀ አይምሰላችሁ። ዲከን ሰውን የሚያስይዙት ትንንሽ ነገሮች ናቸው የሚል አባባል አለው። በምክር አገልግሎት የማየውም ይህንኑ ነው። በስውር የተወሰደ ብድር፣ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ልጅ፣ የተደበቀ የምርመራ ውጤት፣ የተሰረዘ የስልክ መልእክት። ሁሉም የተደበቁት «እንዳትጎዳ ብዬ ነው»፣ «እንዳይናደድ ብዬ ነው» ተብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌላው ወገን ያውቃል። እያወቀ ይጠብቃል።

እዚህ በአቃቂ ቃሊቲ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ባልደረቦች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤተሰቦች በየጉባኤያችን አሉ። ባሎቻቸው በሥራቸው ከባድ ነገር አይተው ቤት ሲገቡ ዝም የሚሉባቸው ሚስቶች ያማክሩኛል። ያዩትን ሁሉ ለሚስት መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ የሥራ ምስጢርም አለ። ነገር ግን «ዛሬ ከብዶኛል፣ ጸልዪልኝ» ማለት ይቻላል። ዲከን ይህን የሚለው ሰው ቢኖረው ኖሮ የሚያወራው ከሙታን ጋር ባልሆነ ነበር።

ምሳሌ 28፥13 የሚሸፍን ሰው እንደማይቃናለት፣ ተናዝዞ የሚተው ግን ምሕረት እንደሚያገኝ ያስተምረናል። ያዕቆብ 5፥16ም እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ ይመክራል። ታዲያ እንዴት? ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የምትናገሩ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ በእግዚአብሔር ፊት ተንበርከኩ። ከዚያ ልጆች በሌሉበት፣ ባልተቸኮለበት ሰዓት ተናገሩ። ዛሬ ግማሹን፣ የሚቀጥለው ወር ግማሹን እየቆራረጣችሁ አትንገሩ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ቁስል ነው። «አንተ እንዲህ ስላደረግህ ነው» የሚል ሰበብም አትጨምሩ።

የምትሰሙ ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት ይቅር እንድትሉ አትገደዱም። ማልቀስ ትችላላችሁ፤ «ጊዜ ስጠኝ» ማለት ትችላላችሁ። ጉዳዩን ግን «የጸሎት ርእስ» እያላችሁ በየቤቱ አታዙሩት።

የምትመክሩ አገልጋዮች፣ ሰላም በሌለበት «ሰላም ነው» የሚሉትን ኤርምያስ 6፥14 ይወቅሳቸዋል። የተጎዳን ሰው ቶሎ ለማስተኛት አንቸኩል። ጉዳዩ ድብደባ ወይም በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ወይም ሌላ ወንጀል ከሆነ ደግሞ በጓዳ የሚያልቅ አይደለም። የተጠቃውን ወገን በደኅና ስፍራ ማቆየትና ነገሩን ወደ ሕግ ማድረስ ይገባል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በጸሎት ስም ብንሸፍነው እኛም ኢዮአብ ሆንን ማለት ነው።

ለመወያያ

ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ሆናችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተጠያየቁ፦

1. በቤታችን ለሰላም ብለን የምንሸፍነው ነገር አለ?
2. ክፉ ዜና ይዤ ብመጣ የምትሰማኝ ይመስለኛል? ካልመሰለኝ ለምን?
3. በሕይወታችን ናታን የሆነልን ማን ነው? አመስግነነዋል?
4. ለሰው «ማጽናናት» ብዬ የሰጠሁት ውሸት አለ? ሄጄ የማስተካክለው መቼ ነው?

ባለቤቴ አሁን ስለዚያ ፊልም ሲጠየቅ «አይረባም» ይላል። እኔም እንደ ፊልም እስማማለሁ፤ ሌላ ሁለት ሰዓት አልሰጠውም። ነገር ግን ከእሳቱ ዳር ብቻውን የቆመውን ሰውዬ አልረሳውም። ወዳጁን እንዳሳረፈ ያስባል። ሁለቱም አላረፉም። የእኛ ዕረፍት እንዲህ አይደለም። መስቀሉ ላይ የተደበቀ ነገር የለም፤ ዕዳው በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ ፊት ተከፈለ። ስለዚህ ወደ ብርሃን መውጣት እንችላለን። ያስፈራል፤ ግን የሚጠብቀን አለ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።